ስንፍናው የማን ነው?

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ አሮጌ ላንድክሩዘር ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ቆሞም ሲንዘፈዘፍ፣ ብዙ ሾፌር ፖምፓውን ይረግማል። ቆይ! መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ።

ፊልትሮው ደህና ከሆነ ተራው ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ነው፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ከሆነ ስድስት አለው። ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ፣ መካኒኩ የአንዱን ቱቦ ዳዶ በ17 ቁልፍ ላላ ያደርጋል። ናፍጣው ጠብ ጠብ ሲል ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ኖዝል ሥራ ላይ ነበር፤ ያጥብቀውና ወደሚቀጥለው ይለፍ። ድምፁ ንቅንቅ ካላለ ሰነፉ ተገኘ። ሲሊንደሩ ራሱ ደክሞም ሊሆን ይችላልና ኖዝሉ ተፈትቶ በመሞከሪያ ፓምፕ ይታይ፤ ደህናው እንደ ጉም ይበትናል፣ የተበላሸው ያንጠባጥባል። እጅ ግን አይጠጋ፤ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል።

ሲገጠም ከሥር ያለችው ቀጭን ዋሸር አዲስ ትሁን። አሮጌዋን መመለስ፣ በእኔ ግምት፣ ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው።