ስለ ኮከብ ብርሃንና ስለ ቀጭኑ የመስታወት ክር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ወጥቷል።)



ባለፈው ስብሰባ በመንገዳችን ስለ ተቀበረው የኢንተርኔት መስመር ስንነጋገር አንድ ወጣት ተነሥቶ «በዚህ ዓይነት ክር እኮ ኮከብም ይጠናበታል» ቢል ሁላችን ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ኋላ ግን እያነበበ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት፤ ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና የገባኝን ያህል በኛው አነጋገር ላቅርበው።

መስመሩ እቤቴ ሲገባ ሠራተኛው ሁለቱን ጫፍ ሲያገናኝ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ጫፉን በአልኮል ወለወለ፣ ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገባ፣ በማሽኑ መስኮት እያየ ሁለቱ ፊት ለፊት እስኪገጥሙ ጠበቀና አቅልጦ አጣበቀው። ብርሃኑ የሚያልፍበት የክሩ መሐል 9 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ጠጉር ለስምንት ቢሰነጠቅ አንዱን ያህል ማለት ነው። ከመጥበቡ የተነሣ ብርሃን በውስጡ የሚሄደው በአንድ ዓይነት አካሄድ ብቻ ነው። ወፈር ባለው ክር ግን እየተላተመ በብዙ መንገድ ይሄዳል።

እንግዲህ ኮከብን የሚያጠኑ ሰዎች ብርሃኑን በቴሌስኮፕ ይሰበስቡና በክር ወስደው፣ ስፔክትሮግራፍ በሚሉት መሣሪያ በየቀለሙ ይበትኑታል። ኮከቡን የምትዞር ፕላኔት ካለች ኮከቡን ወዲያ ወዲህ ስለምትጎትተው ቀለሙ በጥቂቱ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በሰከንድ 56 ሜትር ገደማ ሲወዛወዝ ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ክራቸው ወፍራሙ ነበር፤ በቂም ሆነ፤ በ2019 ኖቤል ተሸለሙበት። ነገር ግን የኛይቱ መሬት ፀሐይን የምትነቀንቃት በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኤሊ እርምጃ በሉት! ይህን ለመለካት ሲፈለግ ወፍራሙ ክር ያስቸግራል። በመውጫው ላይ ብርሃኑ ዝንጉርጉር ሆኖ ስለሚለዋወጥ፣ ኮከቡ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ያስመስለዋል። በቀጭኑ ግን ኮከቡ መግቢያው ላይ ቢንቀጠቀጥም በመውጫው የሚታየው ቅርጽ ያው አንድ ነው። የሚጎድል ቢኖር መጠኑ ነው እንጂ መልኩ አይለወጥም። መሣሪያውም ትንሽ ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት ይቀላል።

ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። የኢንተርኔቱ ብርሃን ለክሩ ተለክቶ የተሠራ ነው። የኮከቡ ግን በአየር ውስጥ ሲያልፍ፣ ከከሰል ምድጃ ማዶ እንደሚታይ ነገር ይርገበገባል። ባለ 8 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ሳይታረም እንዲሁ ቢሞከር ከመቶው አንዱ ገባ አልገባ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እናታችን «ዘይት በጠባብ ጠርሙስ ስንቀዳ አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ የሆነ ዕቃ እንደምናደርገው አይደረግም ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔም ልጁን ያንኑ ጠይቄው ነበር። ብርሃን ግን እንደ ዘይት አይደለም። ቦታውን ባጠበቡበት ቁጥር ጨረሩ እየተጋደመ ይመጣል፤ ክሩ ደግሞ በጣም የተጋደመውን አይቀበልም። ስለዚህ አስቀድሞ መርገብገቡን ማረም ግድ ነው።

በሃዋይ ማውና ኬአ ተራራ ላይ ያለው የጃፓኖች ሱባሩ ቴሌስኮፕ ይህንን ሠርቶ አሳይቷል። ዋናው መስታወቱ 8.2 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ 2,000 ያህል ጥቃቅን መግፊያ ያለው አንድ ትንሽ መስታወት፣ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ቅርጹን እየለወጠ ብርሃኑን ያቃናል። መሐል ላይ ያለው ሌላው መስታወት የሚጥለውን ጥላም በልዩ ሌንሶች አስተካከሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ሥራቸው በጥሩ ሌሊት ግማሽ ያህሉ ብርሃን ክሩ ውስጥ ገባ።

ግማሹን መጣል ያሳዝናል፤ ኮከቡ ደብዛዛ ከሆነማ ወፍራሙ ክር ይሻላል እላለሁ። ነገር ግን ጥበቱ ራሱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። እዚያው ተራራ ላይ በኬክ ቴሌስኮፕ፣ የክሩን አፍ በኮከቡ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለችው ፕላኔት ላይ ያደርጉታል፤ የኮከቡ ነጸብራቅ አብዛኛው ከውጭ ይቀራል። በ2021 በታተመው ሥራ፣ HR የሚለውን የመዝገብ ምልክት ትተን 8799 በምንለው ኮከብ ዙሪያ ባሉ ፕላኔቶች አየር ላይ ውሃና ካርቦን ሞኖክሳይድ ታይቷል።

ለእናታችን ጥያቄ የሚቀርበው መልስ ደግሞ «የብርሃን ፋኖስ» የሚባለው ነው። በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። አንዱ ወፍራም ክር ቀስ እያለ ወደ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይከፈላል። አንድ ጠባብ ጠርሙስ አልበቃ ሲል ብዙ ጠርሙስ መደርደር ነው።

የኛ እንጦጦስ? ተብሎ ነበር። እዚያ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስታወት ናቸው። የሚሰበስቡት ብርሃን ከሱባሩ ስልሳ እጅ በላይ ያንሳል። ሆኖም መስታወቱ ባነሰ መጠን አየሩ የሚያበላሸው ቅርጽም ያንሳልና፣ ለደማቅ ኮከብ ማረሙ በጣም ይቀላል።

ልጁ የክሩን ቁራጭ አምጥቶልኛል። ማየት የሚፈልግ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ፤ ስብርባሪው እጅ ስለሚወጋ ሕፃናት ባይነኩት።