የአንድ ማሊያ 23 ዓመታት
(ለማኅበሩ አባላት በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር)



በዓባይ ማዶም ሆነ በወዲህኛው የጣና ዳርቻ፣ መሐንዲሶች በተገናኙ ቁጥር የባሕር ዳር ስታዲየም ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም። የዛሬው ንግግር ወደዚያው የሚደርሰው በአንድ ተጫዋች ታሪክ በኩል ዞሮ ነው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአውሮፓ ተራ ኳስ ተጫዋች ኑሮ ከዘዋሪ የእጅ ሙያተኛ ኑሮ ብዙ አይለይም ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ደመወዙ በውድድር ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ በዕረፍት ወራት ከ6 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወስኖበታል። ክለቡ ካልፈለገው ይሸጠዋል፤ ከፈለገው ደግሞ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ያለ ክለቡ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም። ከከተማ ከተማ መዞሩ እንግዲህ እንደሚወራው ነፃነት አልነበረም።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲመሠርቱ፣ በእኛ አገር ለኳስ ደመወዝም ሆነ ዝውውር የሚባል ነገር አይታወቅም። በመስከረም 1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለዱት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ ይድነቃቸው ተሰማ፣ የዚህን ቡድን ማሊያ የለበሱት ገና በጉርምስና ዕድሜያቸው ነው። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም አላወለቁትም። ክለባቸውን ሳይለውጡ ብዙ የዞሩ ሰው ናቸው ቢባል ግን ማጋነን አይሆንም፤ እርሳቸው ባሉበት ቆመው ስሙም፣ ሕጉም፣ መንግሥቱም በላያቸው ተለዋውጧልና።

ቡድኑ በተመሠረተ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቱ ኳስን አልከለከለም፤ ይልቁንም በዘር ከፋፈለው። ነጩ ከነጭ፣ «ተወላጅ» የተባለውም ከመሰሉ ብቻ እንዲጋጠም ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። በዚህ ስም ሜዳ መግባት ለአንድ ወጣት ምን ያህል እንደሚመር ለመገመት አያዳግትም።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ከጊዮርጊስ ጋር የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣልያኖች ቡድኖች፣ እንዲሁም የእንግሊዝ ጦር ልዑካን ቡድን ተሰለፉ፤ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው ያን ጊዜ ተጫዋችም፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አደራጅም ነበሩ።

የካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ ጋር ተቀመጡ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። ከወሳኞቹ አንዱ በዘር በተከፈለ ሜዳ ያደገ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ።

ይኸው ኮንፌዴሬሽን ነው የባሕር ዳርን ስታዲየም የመዘነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ በዚህ ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትቶ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ስታዲየሙ ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ከዓለም አቀፍ ግጥሚያ ታገደ። በኅዳር 2 ቀን ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» ያስተናገደችው በጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ስታዲየም ሲሆን፣ አንድ ለአንድ ተለያዩ።