ስለ ባትሪና ስለ እሳት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናጋድ፣ የተደረገ ንግግር)





ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ጁላይ 12 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. «ንግሥተ ሳባ» የተሰኘችው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለች እሳት ተነሣባት። ደግነቱ ተሳፋሪ አልነበረባትም። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት ዘገባ፣ እሳቱ የተነሣው በአደጋ ጊዜ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከሚጠቁመው መሣሪያ የሊቲየም ብረት ባትሪ መሆኑን፣ ምክንያቱም በክዳን ሥር የተጨፈለቁ ሽቦዎች ሾርት ማድረጋቸው ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ።

ለመሆኑ ባትሪ ለምን ይነዳል? በውስጡ ኤሌክትሮላይት የተባለ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አለ። የሊቲየም ብረት በስልካችን ባትሪ ካለው ግራፋይት ይልቅ፣ በእኩል ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ያከማቻል። ነገር ግን በተደጋጋሚ ቻርጅ ሲደረግ እንደ መርፌ የቀጠነ እሾህ ያበቅላል፤ እሾሁ መለያውን ሲበሳ ባትሪው ከውስጥ ሾርት ያደርጋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ካናዳ የተሠሩ እንዲህ ያሉ የስልክ ባትሪዎች እሳት በማስነሣታቸው ከገበያ ተሰብስበዋል።

ተመራማሪዎች ከያዟቸው መላዎች አንዱ ጄል ነው። እናቶቻችን ያውቁታል፤ አጥሚት ዕቃው ሲዘነበል ይፈሳል፣ ገንፎ ግን ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ፖሊመር የተባለው ፕላስቲክ መሰል ነገርም ፈሳሹን እንዲሁ ይዞ ያስቀረዋል። አይፈስም፤ እሾሁንም በመጠኑ ይገታል። ሆኖም ፈሳሹ ጨርሶ ስላልጠፋ ሙቀት ሲበረታ ሊነድ ይችላል፤ በጠጠረ መጠንም ኤሌክትሪኩን ያዘገየዋል። ስለዚህ ጥናቱ ገና አላበቃም።

ወገኖቼ፣ የሂትሮው እሳት ሌላም ያስተምረናል፤ የተጨፈለቀ ሽቦን ጄልም አያድነውም። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ በባትሪ የሚሄዱ መኪኖች በዚሁ በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋሉ። ስልክና ፓወር ባንክ የሌለበት ቤትም የለም። እንግዲህ ያበጠ ባትሪ አትጠቀሙ፤ በዚህ የጅቡቲ ሐሩር ስልክ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። አገር ቤት በአውሮፕላን ስትሄዱ ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አትክተቱት።

ከልጆቻችን መካከል የተሻለውን ባትሪ የሚሠራ እንዲወጣ እመኛለሁ።