ሞተር ሳይክል በደጋ አገር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ይህን በዓል ምክንያት በማድረግ በክፍላችን ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው አርእስት የሞተር ሳይክልን ሞተር ስለ ማሻሻል ነው። አንዳንዶቻችሁ «በእንዲህ ያለ የክብር ቀን ስለ ቤንዚንና ስለ ዘይት መናገር ምን ይባላል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በደብረ ማርቆስ አደባባይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፥ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ የስንት ቤተ ሰብ እንጀራ እንደ ሆነ ግልጥ ነው። አባት በሬውን ሸጦ፥ እናት የዕቁብ ገንዘቧን ጨምራ ለልጃቸው የገዙት ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ቢቃጠል፥ የሚቃጠለው ብረቱ ብቻ አይደለም። ከእኛም መካከል ነገ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። ስለዚህ በክፍል የተማርነውንና ከመካኒኮች የሰማነውን አስተባብረን ለማቅረብ አስበናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፥ ሞተር ማለት አየር የሚተነፍስ መሣሪያ ነው። ኒኮላውስ ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1876 በሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ፥ ፒስቶኑ በመጀመሪያው ምት አየርና ነዳጅ ይስባል፤ በሁለተኛው ያምቃል፤ በሦስተኛው እሳት ሲጫርበት ተገፍቶ ይወርዳል፤ በአራተኛው ጭሱን ያስወጣል። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ይህን ዐይነት ሞተር አሳንሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ከእንጨት በተሠራ ሁለት ጎማ ላይ ገጠሙት። ጉልበቱ የግማሽ ፈረስ ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በመንገዳችን የምናየው ትንሹ ሞተር ሳይክል እንኳ የዚያን ብዙ እጥፍ ጉልበት አለው፤ አተነፋፈሱ ግን ያው ነው።

በአሜሪካ አገር ሚልዎኪ በተባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተው የሀርሊ ዴቪድሰን ፋብሪካ፥ ክሩዘር በሚባሉት ሞተር ሳይክሎች የታወቀ ነው። እነዚህም ዝቅና ረዘም ያሉ፥ ክብደታቸው የበዛ፥ ነጂው ዘና ብሎ ሩቅ መንገድ እንዲሄድባቸው የተሠሩ ናቸው። ባለ ክሩዘሮች አብልጠው የሚሹት፥ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ የሚሰጠውን የመጐተት ጉልበት ነው። ስለዚህ ሞተራቸውን ሲያሻሽሉ በመጀመሪያ ሦስት ነገር በአንድነት ይለውጣሉ፤ ይኸውም አየር የሚገባበትን ማጣሪያ፥ ጭስ የሚወጣበትን ማርሚታና የቤንዚኑን ልክ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ መለወጥ እንደማይበጅ ያውቃሉ። በእኛም አገር ጭነትና ሰው ይዞ ዳገት የሚወጣ ነጂ የሚያስፈልገው የግልቢያ ፈረስ ሳይሆን የጭነት በቅሎ ስለ ሆነ፥ ምሳሌው ይጠቅመናል።

ይሁን እንጂ ያለንበት ቦታ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ማስረጃው በየቤታችን አለ። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በእኛ ከተማ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እናቶቻችን ባቄላና ሽምብራ ሲቀቅሉ ብዙ ማገዶ ከሚፈጁበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ሞተሩም በየእስትንፋሱ የሚያገኘው አየር እስከ አንድ አራተኛ ስለሚጐድልበት ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጮቄ ተራራ 4,000 ሜትር ላይ ቢደርስማ፥ የሚያገኘው ግፊት ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ሞተሩ የደከመበት ሰው «ነጋዴው አታለለኝ» ከማለቱ በፊት የቆመበትን አገር ይመልከት።

ከዚህም በላይ ሌላ ችግር ይከተላል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ካርብራቶሩ በዚያው ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፥ አየር ያንሳል። ሞተሩ ይታነቃል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ገንዘብም በከንቱ ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ካንዴላውን አውጥቶ መመልከት ብቻ ይበቃል። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚመርጡት መድኃኒት ግን ሁለት ነው። አንደኛው የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ መጣል፥ ሁለተኛው ማርሚታውን መብሳት ነው። ማጣሪያው ሲወጣ አየር በብዛት የገባ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከአየሩ ጋር የበጋው አቧራ አብሮ ይገባል። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው። ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላቸዋል፤ ሞተሩም ዘይት መጠጣት ይጀምራል። የተበሳው ማርሚታ ደግሞ ጩኸትን እንጂ ጉልበትን አይጨምርም፤ የሚያጉረመርም ሰማይ ሁሉ ዝናብ አያወርድም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሞተሩ የነበረውን ጤና ይመለስለት። ማጣሪያው ይጸዳ፤ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ ዘይቱ በጊዜው ይለወጥ፤ ካቴናው ይወጠር፤ የጎማው አየር ይሞላ። ይህ ሁሉ ትንሽ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ደከመ ከሚባለው ሞተር ብዙው የሚሻው ከዚህ አይበልጥም። ቀጥሎ በካርብራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሾልከው ባለ ቀዳዳ ቡሎን ጠበብ ባለች ትለወጥ፤ ይህም አንድ ደረጃ ብቻ እየተቀነሰ፥ በየጊዜው ካንዴላው እየታየ ይሁን።

በሦስተኛው ደረጃ ሒሳብ ይምጣ። አንድ ሰው 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሲሊንደር አስቦርቡሮ 58 ሚሊ ሜትር ቢያደርገው፥ ይዘቱ የሚጨምረው በ7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከፍታው የወሰደበት ግን 25 በመቶ ያህል ነበር። በሌላ በኩል ካቴናውን የሚያዞረው የፊተኛው ብረት 14 ጥርስ ቢኖረውና በባለ 13 ቢለወጥ፥ በኋላው ጎማ ላይ ያለው የመጐተት ጉልበት ወደ 8 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ይህ ጉዳት አይደለም። ሞተሩ ሳይከፈት፥ ከአንዲት ጥርስ ብቻ፥ ከቡርቦራው የማያንስ ጥቅም ተገኘ ማለት ነው። ሒሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ትምህርት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እንድረስ። እኛ ጎጃሞች በአንድ ከፍታ ብቻ የምንኖር ሰዎች አይደለንም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጂ፥ ደጀን ሲደርስ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው ድልድይ ካለበት ሥፍራ ሲደርስ፥ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዷል። በዚያ አየሩ ወፍራም ነው፥ ሙቀቱም የቆላ ነው። ለደጋ ብቻ ተብላ የጠበበችው የቤንዚን ቀዳዳ እዚያ ታንሳለች፤ ማመቂያውም ለደጋ ተብሎ ከበረታ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ማንኳኳት ይጀምራል። ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲጎትት፥ ሥራው ከሁሉ በሚከብድበት ሰዓት ፒስቶኑ ይግላል፥ ይቀልጣልም። ስለዚህ ሞተሩን የሚያሻሽል ሰው አስቀድሞ «ይህ ሞተር የሚውለው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከተማ ለሚውለው የሚበጀው ቆላ ለሚወርደው አይበጅም። ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ መለኪያ የሚመጥኑ አዳዲስ ሞተሮች ግን የአየሩን ግፊት ራሳቸው ለክተው ልኩን ያስተካክላሉ።

የዓባይን ቁልቁለት ካነሣን ዘንድ ስለ ፍሬን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ፍጥነት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ በግማሽ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ኃይል ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ለሞተሩ ጉልበት ጨምሮ ፍሬኑን፥ ጎማውንና የራስ ቁሩን የረሳ ሰው፥ ለመሄድ እንጂ ለመድረስ አላሰበም። እናቱ ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቀው ግን እንዲደርስላት ነው።

ወደ ፊት ለሚመጣውም ዐይናችንን እንክፈት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ጮቄ ላይም ሆነ ዓባይ ዳር ጉልበቱ አይለወጥም። አገራችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክላለች። ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ወንዛችንም የተገደበበት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪኩን ሞተር የሚጠግን ልጅ ካሁኑ መማር አለበት። እስከዚያ ድረስ ግን በእጃችን ያለው የቤንዚን ሞተር ነውና በሚገባ እንያዘው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለወላጆቻችን እንናገራለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን እጁ በዘይት የጠቆረን ልጅ «ትምህርት አልሆነለትም» የሚሉ አልጠፉም። እኛ እንደተረዳነው፥ የአየሩን ግፊት የሚያሰላው ተማሪና ቡሎኑን የሚፈታው መካኒክ ሁለት ሰዎች ሆነው የቀሩ እንደ ሆነ ሞተሩ መቃጠሉን አይተውም። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ፥ ያ ካልተቻለም በአንድ ጋራዥ ውስጥ ተከባብረው ሲሠሩ፥ በሬ ተሽጦ የተገዛው ሞተር የበሬውን ዋጋ ይመልሳል። ስለዚህ ከእኛ መካከል ነገ ወደ ጋራዥ የሚሄደውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚሄደው ጋር እኩል መርቃችሁ እንድትሸኙት እንለምናለን።