ሸክላውን ያሳተመው ማን ነው?



ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ዜማና ግጥም ደራሲው ብዙ ይነገራል። እኔ ዛሬ የማነሳው ከኪሱ አውጥቶ ያስቀረጸውን፣ ሸክላ አሳትሞ ለአድማጭ ያደረሰውን ሰው ነው። ውለታው ተዘንግቷል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከተማ ወጣት በአዲሱ ሙዚቃ ሲሰክር ማኅበሩ ያንን ሙዚቃ አላሳተመም። ስመ ጥር ድምፃውያን በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ይዘፍኑ ነበር፤ ዘፈናቸውን በመድረክና በሬዲዮ የሰማ ሰው ግን ገዝቶ ቤቱ የሚወስደው ሸክላ አያገኝም። ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህንን ከደንበኞቹ ጥያቄ ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን እያወቀ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ፤ ሸክላውንም ሕንድ አገር አሳተመ። መታሰር ሊመጣ እንደሚችል አስቦበት ነው የገባበት። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ በእነዚህ ውስጥ አሉ። እንደ እኔ ሚዛን፣ ይህ ድፍረት ባይኖር ወርቃማ ዘመን የምንለው ጊዜ ከትዝታ በቀር ብዙ አይተርፈንም ነበር።

አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ። በ1975 ያሳተመው የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጂየም ታትሞ አውሮፓ ደረሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የሙዚቃ ተከታታይ ኅትመትም የቆመው የእነዚህ አሳታሚዎች ቅጂዎች ላይ ነው።

ካሴት ሲመጣ ሙዚቃው እስከ ገጠር ዘለቀ፤ ኮፒውም አብሮ ዘለቀ። አሳታሚው ወጪውን ሳይመልስ ዘፈኑ በየሱቁ ይባዛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ ብዙ ሙዚቃ ቤቶች ከስረው ነበር። ዛሬ እነዚያ ዘፈኖች ኢንተርኔት ላይ እንደገና ገንዘብ ማምጣት ሲጀምሩ «ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የማን ነው?» የሚል ክርክር ይነሳል። በቃልና በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠ ሥራ ብዙ ስለሆነ፣ ደራሲውም፣ አቀናባሪውም፣ የአሳታሚው ልጆችም ማስረጃ ሳይዙ ይሟገታሉ።

ስለዚህ የዚህ ሥልጠና የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለውል ወረቀት ተሰጥቷል። በእጃችሁ ያለ የቆየ ውል፣ ደረሰኝ፣ የካሴት ሽፋን ካለ ጠረጴዛው ላይ አውጡልን፤ ከዚያ እንነሳለን። ሥልጠናው ተከፍቷል።