ወሬ ሲደርሰን እናጣራ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ወሬን ማጣራት የጋዜጠኛ ሙያ ብቻ አይደለም፤ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የታዘዝነው ግዴታችን ነው።

ጥር 28 ቀን 2005 ምሽት በመንግሥት ቴሌቪዥን የተላለፈውን «ጂሃዳዊ ሐረካት» እናስታውስ። በአንድ በኩል የቦኮ ሐራምና የአልሸባብ ምስል፣ በሌላ በኩል በወቅቱ በእስር ላይ የነበሩ ወንድሞቻችን ሲናገሩ ይታያል። ሁለቱን ያገናኛቸው ማስረጃ ሳይሆን መቀስ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ስናይ እንጠይቅ፦ ተናጋሪው የት ሆኖ ተናገረ? ጠያቂው ማን ነው? ከንግግሩ በፊትና በኋላ ምን ተቆረጠ? የክስ ሂደቱ ገና ሳይቋጭ እስረኛው በምርመራ የሰጠው ቃል ለምን ለሕዝብ ቀረበ? ዳኛ ሳይፈርድ ቴሌቪዥን ሲፈርድ፣ ዓላማው ማሳወቅ ሳይሆን ማስፈራት ነው።

ሆኖም ይህ ሚዛን ለሌላው ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የበርማ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ሲገደሉ፣ መነኮሳት በአስከሬን ክምር መካከል ቆመው የሚታዩበት ፎቶ በፌስቡክ ተሰራጨ። ፎቶው ግን በ2010 እ.ኤ.አ. በቻይና፣ ዩሹ በተባለ ቦታ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተወሰደ ነበር፤ መነኮሳቱም ሟቾችን ሊሸኙ የመጡ ነበሩ። የሮሂንጋዎች መከራ እውነት ነው። ሐሰተኛው ፎቶ ግን ለካጆች ሰበብ ሰጣቸው።

የእኛም ጥያቄዎች እውነት ነበሩ፤ ስለ መጅሊስ ምርጫ፣ ስለ አወልያና በግዳጅ ይሰጥ ስለነበረው የአህባሽ ትምህርት የጠየቅነው ማጋነን አያሻውም ነበር። ስለዚህ «እገሌ መስጂድ ሰው ተገደለ» የሚል መልእክት ሲደርሰን፦ በዓይኑ ያየ ማን ነው? መቼ? ፎቶው ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወጥቷል? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካላገኘን ወደ ሌላ አናስተላልፍ። «ምናልባት እውነት ከሆነ» ብሎ ማሰራጨትም ማሰራጨት ነው።

ሐሰተኛ ወሬ አንድ ወጣት በቁጣ ድንጋይ እንዲያነሳ ካደረገ፣ የዚያን ፊልም ቀጣይ ክፍል በእጃችን ሠርተን ሰጠናቸው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍሉትም ከሁላችን ቀድመው በእስር የነበሩት ወንድሞቻችን ነበሩ።

ሰላማዊነታችንም እውነተኛነታችንም አማና ነው። አላህ ከእውነተኞች ያድርገን!