የተረት ገጽ በመድረክ ላይ፦ ስለ ቀለም፣ ስለ መስመርና ስለ ሕፃኑ ተመልካች



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የተረት መጽሐፍ መልክ ያለው፣ በቀለም የደመቀ የመድረክ ገጽታ እንዴት ይነደፋል? ከነቁሳቁሱስ እንዴት ይሠራል? በሙያችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ጥያቄ ይታያል። ተውኔቱ ለአዋቂዎች የሚቀርብ ሲሆን ነዳፊው ድርሰቱን ደጋግሞ ያነባል፤ ከአዘጋጁ ጋር ይከራከራል፤ ሞዴል ይሠራል። ለሕፃናት ሲሆን ግን ከመጋዘን የተረፈ ፍሬም ይወጣና ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይቀባል። «ልጆች ደማቅ ነገር ይወዳሉ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

እኔ የምሟገተው ከዚህ አባባል ጋር ነው። የተረትን መድረክ የተረት መድረክ የሚያሰኘው የቀለሙ ብዛት አይደለም። በላዩ ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ እጅ የወጣ መምሰሉና እያንዳንዱ ቀለም በታሪኩ ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ሥራ የሌለው ቀለም ጩኸት ነው፤ ገበያ መሐል የሚነገርን ተረት ደግሞ ማንም በቅጡ አይሰማውም።

በመጀመሪያ «የተረት መጽሐፍ መልክ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። በተረት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቤት እውነተኛ ቤት ለመምሰል አይጣጣርም። የተሣለ ቤት መሆኑን በግልጽ ያሳያል። ዙሪያው በመስመር ተከብቧል፤ ቀለሙ ዝርግ ነው፤ በሩ ከባለቤቱ ጋር ሲነጻጸር ሊያንስም ሊተልቅም ይችላል። አንባቢው ይህን ሁሉ የሚቀበለው ከሠዓሊው ጋር ያለ ቃል ስለ ተዋዋለ ነው። ውሉ የሚጸናው ደግሞ ሠዓሊው ራሱ እስካከበረው ድረስ ነው። በተሣለ ጎጆ ፊት ከቢሮ የመጣ የፕላስቲክ ወንበር የተቀመጠ ጊዜ ውሉ ይፈርሳል። ያን ጊዜ ጎጆው የተረት ቤት መሆኑ ይቀርና የተቀባ ጨርቅ ይሆናል።

ይህ የአሣሣል ውል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይታያሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳዩት የሸራ ሥዕሎችም አንዱን ሸራ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ከፍለው ታሪኩን ክፍል በክፍል ያስነብባሉ። የመጽሐፍን ገጽ ወደ ግድግዳ የማውጣት ጥበብ በእጃችን ነበር ማለት ነው።

የዘመናዊ ተውኔታችንም ጅማሬ ከተረት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ ያደረገ ነበር። እንስሳቱ የአስተዳደርን ብልሹነት ስለ ነቀፉ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ተረትን እንደ ተራ የልጅ ጨዋታ ስንንቅ ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ የዘመኑ ባለ ሥልጣናት የአውሬዎቹን ንግግር እንደ ጨዋታ አላዩትም።

አሁን «ከአንድ እጅ የወጣ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከውጭ አገር በሁለት ምሳሌዎች ላሳያችሁ።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ1975 በግላይንድቦርን የኦፔራ ፌስቲቫል ለስትራቪንስኪ «ዘ ሬክስ ፕሮግረስ» የመድረክ ገጽታ ነደፈ። የኦፔራው መነሻ ዊልያም ሆጋርዝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በ8 ተከታታይ ሥዕሎች ያቀረበው ታሪክ ነው፤ ውርሱን በብልግና ያባከነ ወጣት መጨረሻው የእብዶች ቤት ይሆናል። ሆጋርዝ ሥዕሎቹን በመዳብ ላይ ቀርጾ አሳትሟቸው ነበር። በእንዲህ ዓይነት ኅትመት ጥላ የሚፈጠረው እርስ በርሳቸው በሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ነው። ሆክኒ እነዚያን መስመሮች አጉልቶ በግድግዳው፣ በወንበሩና በተዋንያኑ ልብስ ላይ ሳይቀር አሰፈራቸው። ቀለሙንም በጥቂት የማተሚያ ቀለሞች፣ በጥቁር፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ፣ ወሰነው። ተመልካቹ ወደ አንድ የታተመ ሥዕል ውስጥ የገባ ያህል ተሰማው። ይህን ስሜት ያመጣው የቀለሙ ጥቂትነትና የመስመሩ አንድነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው፣ ማክስ ስለሚባል ልጅና ስለ አውሬዎቹ በሚተርከው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች በሰፊ ነጭ ኅዳግ የተከበቡ ትንንሾች ናቸው። የልጁ ምናብ እየሰፋ ሲሄድ ሥዕሉም ገጽ በገጽ እየሰፋ ኅዳጉን ይውጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱን ገጾች ሞልቶ ቃላቱን ያስወጣል። ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥዕሉም መልሶ ይጠብባል። ሴንዳክ በኋላ የመድረክ ነዳፊ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሲያትሉ ፓሲፊክ ኖርዝዌስት ባሌት የነደፈው «ነትክራከር» እስከ 2014 ድረስ ታይቷል። ከእርሱ የምንማረው መጠን ራሱ ታሪክ መናገር እንደሚችል ነው። መድረኩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጢም ብሎ ከተሞላ ታሪኩ ሲያድግ የሚያድግበት ቦታ አያገኝም።

ወደ ቀለም ልለፍ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭረል በጎብላን የጨርቅ ሥዕል ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ደረሰው። ሲመረምር ክሩ እንከን የለበትም፤ ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። አንድ ቀለም ብቻውን ምን እንደሚመስል መጠየቅ አይበቃም፤ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት። በመድረክ ላይ ደግሞ መብራት ይጨመራል። አረንጓዴ ቅጠል በደማቅ ቀይ መብራት ሥር ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ የተሣለ ቀይ አበባ በዚያው መብራት ሥር ከጨርቁ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ስለዚህ የቀለም ናሙና በመስኮት ብርሃን ተመርጦ አይጽደቅ። በጨርቅ ላይ ተቀብቶ፣ ትዕይንቱ በሚታይበት መብራት ሥር ይፈተን።

ይህን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ እንሞክረው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ለመድረክ እናዘጋጅ እንበል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የትኛው ነው? መልሱ ቁርበቱ ነው። በአገሩ ቢሆን ቁርበት የሚበላ አውሬ፣ በሰው አገር የሚቀመጥበት ምንጣፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ቀልዱም ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው። እንግዲያው ቀዩን ቀለም ለቁርበቱ እናስቀምጠው። ቡሬ ይሁን፤ ቀይና ነጭ። ከእርሱ በቀር በመድረኩ ላይ ቀይ የሚባል ነገር አይታይ። መንደሩ በአፈርና በሣር ቀለም ይሣል፤ ሰማዩ ጠይም ሰማያዊ ይሁን፤ የዙሪያ መስመሩ በሁሉም ላይ ያው ጥቁር ቡናማ ይሁን። ቁርበቱ ተጠቅልሎ ሲገባ የአዳራሹ ዐይን ሁሉ ያለ ማንም ጥቆማ ይከተለዋል። ሲነጠፍ ደግሞ ትልቅ ይሁን፤ 2 ሜትር ተኩል ቢረዝም ለተረት አይበዛበትም።

ለጅቡ ጭንብል ከላይ ያነሣሁትን የሥዕል ወግ እንዋሰው። ጅቡ ሲያታልል በጎን ይቁም፣ ልጆቹም አንድ ዐይኑን ብቻ ይዩ። ማንነቱ ሲገለጥ ፊቱን ወደ አዳራሹ ያዙር። እዚህ ላይ ነዳፊውና አዘጋጁ አብረው ካልሠሩ ሐሳቡ ዋጋ የለውም፤ ጭንብሉን ሕያው የሚያደርገው የተዋናዩ አቋቋም ነውና።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታሪኩን በገጽ ከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ትንሽ ሥዕል ይበቃል። ቀጥሎ በ1 ለ25 ልኬት የካርቶን ሞዴል ሥሩ። 10 ሜትር መድረክ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ተዋናይ ወደ 7 ሴንቲሜትር ይጠጋል። የሰው ምስል ያልቆመበት ሞዴል ስለ መጠን ያታልላልና ምስሉን አትርሱ። ሥዕሉን ወደ ጨርቅ ለማሳደግ በንድፉ ላይ የ2 ሴንቲሜትር ካሬዎችን፣ በጨርቁ ላይ የ50 ሴንቲሜትር ካሬዎችን አስምሩና መስመሩን ካሬ በካሬ አሻግሩ።

ፍሬሙ ከቀላል እንጨት ይሠራል፤ አቡጀዲ ይወጠርበታል። አቡጀዲው በውሃ የቀጠነ ኮላ ሲቀባና ሲደርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ቀጥሎ ሰፋፊዎቹ ዝርግ ቀለሞች፣ በመጨረሻ የዙሪያው መስመር ይከተላል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም መብራቱን ወደ ተመልካቹ ዐይን ስለሚመልስ አይመከርም። የመስመሩ ውፍረት በግምት አይወሰን። ጤናማ ዐይን በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመሮችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው 6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ ከዚያ የጠበበው ተደባልቆ ግራጫ ይሆናል። የኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅም እኩል ተመልካች ነውና ለእርሱ ሣሉ። ሥራችሁን ከደረጃ ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው ረድፍ ሆናችሁ ገምግሙት።

የመድረክ ቁሳቁስን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። በተዋናይ እጅ የሚገባ ነገር የሥዕሉ ክፍል ብቻ ሳይሆን የትወናው መሣሪያ ነው። ቁርበታችን በሁለት እጥፍ አቡጀዲ መካከል ስስ ስፖንጅ ቢገባበት ሲነጠፍ ክብደት ያለው ይመስላል፤ ሲራመዱበትም እንደ ፕላስቲክ አይንኮሻኮሽም። ማሰሮውና እንስራው ከሽቦ፣ ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ይሠሩ፤ ከደረቁ በኋላ እንደ ግድግዳው ቀለምና ያው የዙሪያ መስመር ይደረግባቸው። ተዋንያን ከልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ የሚለማመዱበት ምትክ ያግኙ። ደኅንነትንም አደራ፤ ፍሬሞቹ ከኋላ በድጋፍ እንጨትና በአሸዋ ከረጢት ይያዙ። ስፖንጅ በቶሎ የሚቀጣጠልና መርዛማ ጭስ ያለው ስለሆነ ከሚግሉ መብራቶች ይራቅ።

«ለሕፃናት ቴአትር በጀት የለም» የሚለው ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ያነሣሁት አሠራር ወጪ የሚጨምር አይደለም። አራት ቀለም ከአሥራ ሁለት ቀለም ይረክሳል፤ ካርቶንና ጋዜጣ በየደጃችን አለ። የሚጠይቀው የነዳፊውን ጊዜና ሐሳብ ነው። በበጀት ስም የምንነፍጋቸው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሐሳብ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ አዋቂ ተመልካች የደከመ የመድረክ ገጽታ ሲያይ በልምዱ ይሞላዋል፤ ቴአትር ከዚህ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሕፃን ግን የሚያነጻጽርበት የለውም። ያየው ነገር ለእርሱ ቴአትር ማለት ያ ነው። ቀለሙ ሁሉ በአንድ ላይ ሲጮህበት ቴአትር ማለት ጩኸት ነው ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀይ ቁርበት በጠይም ሰማይ ሥር ሲነጠፍ አይቶ፣ ማንም ሳይነግረው የነገሩን ቁም ነገር በዐይኑ ካገኘው ግን መድረክን ማንበብ ተምሯል። ነገ የእናንተን ትልልቅ ተውኔቶች የሚያይላችሁ ይህ አንባቢ ነው። ዛሬ የፈተና ወረቀታችሁ ላይ «የሕፃናት ቴአትር» የሚል ርእስ ሲደርሳችሁ ቀላሉ ደረሰን እንዳትሉ ይህን አስቡ።